በቢቸና የተቀዳ አበባ፣ በሞጣ የጸደቀ ድንች

ድሬዳዋ ላለችው እናቴና አመሻሽ ላይ ደጃፏ ለሚሰበሰቡት ጎረቤቶቿ «ጎጃም ደርሼ መጣሁ» ስላቸው ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ብርዱን እንዴት ቻልሽው?» ምን ልትሠሪ ሄድሽ ያለኝ ሰው የለም። ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር መሆኑን ያውቃሉ፤ ያ ይበቃቸዋል። እኔ ግን የሄድኩበትን ጉዳይ ትቼ ስለ ብርዱ ብቻ ማውራት አላስቻለኝም። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሆነውን ጻፍኩላቸው። የራሴ ጥፋትም አብሮ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የምሠራበት ትንሽ ድርጅት ለመሥሪያ ቤቶች በኢንተርኔት የሚከፈቱ የሥራ ገጾች ይሠራል። ከደንበኞቻችን አንዱ በምሥራቅ ጎጃም ለገበሬዎች የመስኖ ዘር ያከፋፍላል። ቢቸና ያለው ቢሮ ከየቀበሌው የመጣውን የዘር ጥያቄ ገጹ ላይ ይመዘግባል። ሞጣ ያለው ቢሮ አጣርቶ «አጽድቅ» የሚለውን ቁልፍ ሲነካ ዘሩ በመኪና ይላካል። መስከረም ላይ ታዲያ አሥራ አንድ ጥያቄዎች ሳይጣሩ ጸድቀው ተገኙ። ከእነሱ አንዱ ጭራሽ በስህተት የተመዘገበ ነበርና አንድ አይሱዙ ሙሉ የድንች ዘር ወንዝም ምንጭም ወደሌለው ቀበሌ ሄዶ ተራገፈ። የቀበሌው ሰው ያልጠየቀው ድንች ደጁ ድረስ ሲመጣለት ምን ያድርግ፤ ግማሹን ቀቅሎ በላው።

አሥራ አንዱም የጸደቁት በአንዲት ሴት ስም ነው፤ ሞጣ ቢሮ ሃያ ዓመት ባገለገሉት በወይዘሮ ይርገዱ ስም። እሳቸው «አልነካሁም» አሉ። ከሥራ ታግደው ጉዳያቸው ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመራ፤ ስብሰባው ዓርብ ነው። እኔ የተላክሁት የኮምፒውተሩን መዝገብ አትሜ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ ለኮሚቴው እንዳስረዳ ነበር። መዝገቡን ሳልነሳ አይቼዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ይርገዱ በስማቸውና በይለፍ ቃላቸው ይገባሉ፤ ከአራት ሰከንድ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጸድቃል። በማግስቱም እንደዚያው። በአራት ሰከንድ ማንም ሰው ምንም አያነብም። ሳያነቡ የሚፈርሙ ሴትዮ ናቸው ብዬ ፈርጄ ነው ከአዲስ አበባ የወጣሁት።

ሰኞ

ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መስኮት ከፈተ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ባገኘው ነገር ያራግብ ጀመር። እኔ አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ያልተላቀቀኝን ሹራብ አውልቄ ፊቴን ለሙቀቱ ሰጠሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «አይሞቅሽም ልጄ?» አሉኝ።

«አሁን ገና አገሬ ገባሁ» አልኳቸው።

«አገርሽ ዓባይ በረሃ ነው?» ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ከመኪናው ሥር ገብተው ሲታገሉ ተሳፋሪው የጥላ ቁራጭ ፍለጋ ገደሉ ሥር ተኮለኮለ። ድሬ በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ በሽርጥ ሆኖ ቤቱ ጋደም ይላል፤ እኔም ደንጋይ ላይ ተቀምጬ ያንኑ ለማድረግ ሞከርኩ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ጎማው ቶሎ እንዳይሠራ የተመኘሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ደጀን ለምሳ ወረድን። ምግብ ቤቱ በከባድ መኪና ሾፌሮች ተሞልቷል፤ ሁሉም ጥብስ ያዛል። እኔ ስሜ ሰሚራ ነው፤ ሙስሊም ነኝ፤ ጸጉሬን ግን በነጠላ ስለምሸፍን አገሩ አልለየኝም። ሽሮ ስላዝዝ የቤቱ ባለቤት ዓይናቸውን አፍጥጠው «ሰኞንም ትጾሚያለሽ?» አሉኝ። ሾፌሮቹ እየሰሙ ማብራራት አሳፈረኝና ራሴን ነቀነቅሁ። ሴትዮዋ ሽሮውን ራሳቸው ይዘው መጡ፣ ቃሪያ ጨመሩበት፣ «በጸሎትሽ አስቢኝ» ብለውኝ ሄዱ። እንዲህ ባለው ክብር ልቤ ተነክቶ ስወጣ የላፕቶፔን ቻርጀር ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ትቼው ወጣሁ።

ይህን ያወቅሁት ቢቸና ደርሼ አልጋ ከያዝኩ በኋላ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ስንቀጠቀጥ አይተው ሦስተኛ ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። እኛ አገር ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ሰማይ እያየ ይተኛል። እዚህ ግን ከብርድ ልብሱ የወጣው አፍንጫዬ ብቻ ነበር፤ እሱም ተጸጽቶ ተመለሰ።

ማክሰኞ

የቢቸናው መዝጋቢ አቶ ጥበቡ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዘለል ያለ፣ ኮታቸው የተተኮሰ ሰው ናቸው። ልጅነታቸውን ቅኔ ቤት አሳልፈው ወደ ቢሮ ሥራ ስለገቡ ባልደረቦቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል። ገና ስገባ ያጠፋሁት ጥፋት ይህ ነው፤ ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነውና ምላሴ አምልጦኝ «አቶ ጥበቡ አንተ ነህ?» አልኳቸው። የአንዷ ጸሐፊ እስኪርቢቶ ከእጇ ወደቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጎንበስ ብለው። «ይቀመጡ። እናቴ ካረፉ ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው የለም፤ ወጣት አደረጉኝ።»

ይቅርታ ጠይቄ «እርስዎ አይበሉኝ፣ ልጅዎ እሆናለሁ፣ አንቺ ይበሉኝ» ብላቸውም አልሆነም። እስከ መጨረሻው ቀን «እርስዎ» እንዳሉኝ ቀሩ፤ እኔም በበኩሌ በየአምስት ደቂቃው «አንተ» ማለቴ አልቀረም።

ኮምፒውተራቸው በዳንቴል ተሸፍኗል። ገልጠው፣ አጥፈው፣ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ አሠራራቸውን አሳዩኝ። ከቀበሌ የመጣውን ወረቀት ገጹ ላይ ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ያንኑ በደብተር ላይ በእጃቸው ይገለብጣሉ። ፊደላቸው እንደ ብራና ጽሑፍ የተስተካከለ ነው። ስለ ደብተሩ ስጠይቃቸው «ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ በእጅ መገልበጥ አለበት። ያልገለበጥሁትን አንብቤዋለሁ ብዬ አልናገርም» አሉ። በስህተት የመዘገቡትን የድንች ጥያቄ ራሳቸው አሳዩኝ። ስህተቱን ደርሰውበት ለሞጣ ደውለው አሳውቀዋል፤ ወይዘሮ ይርገዱም «አይጸድቅም፣ እሰርዘዋለሁ» ብለዋቸው ነበር። በማግስቱ ጸደቀ። «ይርገዱን አሥራ አምስት ዓመት አውቃታለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አደርጋለሁ ያለችውን ትታ ሌላ አድርጋ አታውቅም። ከሥራ ትወጣለች የሚባለው እውነት ነው?»

ኮሚቴው ነው የሚወስነው አልኳቸው። ለራሴ ግን ያቺን አራት ሰከንድ አሰብኩ።

የቻርጀሬን ታሪክ ሲሰሙ ስልካቸውን አነሱ። ደጀን ላለ ዘመዳቸው ደወሉ፤ ዘመዳቸው ሰው ላከ፤ ሰውየው ምግብ ቤቱን አገኘ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፦ ሴትዮዋ ቻርጀሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል፤ ሐሙስ ወደ ሞጣ በሚያልፍ መኪና ይልኩታል፤ ለጾመኛዋ ልጅም ሰላምታ አቅርበዋል። አቶ ጥበቡ «ጾመኛዋ?» ቢሉኝ ነገሩን ነገርኳቸው። በሳቅ ኮታቸው ተጨማደደ። ለምሳ ቤታቸው ወሰዱኝና ባለቤታቸው እንቁላልና እርጎ በነጭ የጤፍ እንጀራ አቀረቡልኝ። እንዲህ ያለ እንጀራ ድሬ የሚገኘው ለሠርግ ነው፣ እሱም ከተገኘ።

ረቡዕ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በተነሳችው አውቶቡስ ውስጥ ሰው፣ ዶሮ፣ የማር ቅልና አንድ አዲስ በር ነበርን። መንገዱ ዳርና ዳር ጤፍ ነው፤ ዳሩን አደይ ይዞታል። ጉንደ ወይን ገበያ ስለነበረ ግማሹ ሰው ወርዶ በምትኩ ሌላ እጥፍ ተሳፈረ። ከዚያ ጥቂት እንደሄድን ዝናብ ያረሰው መንገድ የአውቶቡሷን የኋላ እግር ዋጠው።

ሁሉም ወርዶ መግፋት ጀመረ፤ እኔም። ጎማው ሲሽከረከር ከጭቃው አብዛኛው እኔ ላይ አረፈ። የቆምኩበትም ቦታ ከእግሬ ሥር ከዳኝና በሁለት እጄ ተደፋሁ። አብረውኝ ይገፉ የነበሩ ሁለት ሴቶች አንስተው፣ ጫማዬን አውልቀው፣ ቦይ ውስጥ በወረደ ውሃ አጠቡልኝ። «ተዉት፣ እኔ አጥባለሁ» ብል አንደኛዋ «እንግዳ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ክርክሩ በዚሁ አለቀ። ድሬ አሸዋ ነው፤ ሰውነትሽ ላይ ያረፈውን ታራግፊዋለሽ። የጉንደ ወይን ጭቃ ግን እስከ ሞጣ አብሮኝ ሄደ።

ሞጣ የገባሁት ወደ አሥር ሰዓት ነው። በከተማው የመምህራን ስብሰባ ስለነበረ የጠየቅሁት ሆቴል ሁሉ ሞልቷል። ወደ ቢሮው ሄድኩ፤ የበሩ ዘበኛ ሁኔታዬን አይተው «ወይዘሮ ይርገዱ የሚከራይ ክፍል አላቸው፤ ቅርብ ነው» ብለው ከነሻንጣዬ ይዘውኝ ሄዱ። ስሙን ስሰማ መመለስ አማረኝ፤ ግን ወዴት ልመለስ? በሩን የከፈቱልኝ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሴት ናቸው። ዘበኛው ማን እንደሆንኩ ነገሯቸው።

«በእኔ ላይ ልትመሰክሪ የመጣሽው አንቺ ነሽ?»

«መዝገቡን ላስረዳ ነው» አልኩ።

«ግቢ። እግርሽ በጭቃ ነው፣ ውሃ ላሙቅልሽ። ሥራሽን ዓርብ ትሠሪያለሽ።»

የጾም ቀን ነበርና ሽሮ አብረን በላን። ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በየመሃሉ «በሞቴ» እያሉ ያጎርሱኛል፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን ከሥራ የሚያስወጣውን ወረቀት ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ እጎርሳለሁ። ከጉዞው ሁሉ የከበደኝ ራት እሱ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት የቀሩኝን ጥያቄዎች ልጠይቃቸው ደፈርኩ። በየቀኑ ገጹን ሲከፍቱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?

«ማስታወቂያውን አያለሁ። ከቢቸና የሚጻፍ ነገር አለ» አሉ። «በዚያ ሰሞን እንዲያውም ሥራ ከመጀመሬ በፊት አበባው ወርዶ እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር። ደስ ይል ነበር።»

«የምን አበባ?»

«የእንቁጣጣሹ ነዋ። ገጹን ስከፍተው አደይ አበባ ከላይ ወደ ታች ይዘንባል፣ መሃሉ ላይ እንኳን አደረሳችሁ ይላል። ጥበቡ ነው ያደረገው። መስቀል ሲያልፍ አነሳው።»

የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። እኛ የሠራነው ገጽ አበባ አያዘንብም። ማስታወቂያ የሚጻፍበት ሳጥን ጽሑፍ ብቻ እንዲቀበል ነው የታሰበው። ከዚያ ሳጥን አበባ ከዘነበ ሌላም ነገር ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

አቶ ጥበቡ ጋ ደወልኩ። አበባውን ስጠይቃቸው ደስ አላቸው። ኢንተርኔት ላይ አንድ የበዓል መልካም ምኞት ገጽ አግኝተው፣ ውስጡን፣ ማለትም ገጹ የተሠራበትን የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ የሚያሳየውን ቁልፍ ነክተው፣ የተጻፈውን ሁሉ ወደ ማስታወቂያው ሳጥን ገልብጠውታል። ሁሉንም ነው ወይስ ከፊሉን? ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ማለትዎ ነው?» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። «የሰው ጽሑፍ ስገለብጥ አንዲት ፊደል አልጥልም። የገባኝንም ያልገባኝንም እንዳለ ነው የገለበጥሁት። ያልገባኝን ብነቅል ጽሑፉን የማበላሸው እኔ አይደለሁም? በደብተሬም አለ፣ በእጄ ጽፌዋለሁ።»

በስልክ ያነቡልኝ ጀመር። የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ፣ በዜማ ማለት በሚያስደፍር አነባበብ፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳይዘሉ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ስልኩ ተቋረጠ፤ እኔ ግን የፈራሁትን ሰምቻለሁ። የመልካም ምኞቱ ገጽ ባለቤት፣ አበባው ጥቂት እንደዘነበ ገጹ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቁልፍ በራሱ እንዲነካ የሚያዝ መስመር ጨምሮበታል። እሱ ጋ ቁልፉ ምኞቱን ለሌላ ሰው የሚያስተላልፍ ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ ገጽ ላይ ግን የመጀመሪያው ቁልፍ «አጽድቅ» ነው። እሳቸው አበባውን ሲያዩ ከሥሩ ቀለሙ የሚለወጠውን ጥያቄ ልብ አላሉም። ቢቸና ላይ ያ ቁልፍ ስለሌለ አቶ ጥበቡ ያዩት አበባውን ብቻ ነው። ማስታወቂያው ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሰው ሲገባ ብቻ ነው የሚታየው። አሥራ አንድ የሥራ ቀን፣ አሥራ አንድ ጥያቄ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አንድ ገጽ ስንሠራ ሁሉንም ነገር እኛ አንጽፍም። ቀን የሚያስመርጠውን፣ ሠንጠረዥ የሚደረድረውን፣ ጽሑፍ የሚያስጽፈውን ክፍል ሌሎች ሠርተው በነፃ ያስቀምጡታል፤ በሙያችን ላይብረሪ እንለዋለን። አውርደን ከራሳችን ሥራ ጋር አንድ ላይ ጠቅልለን እናስገባዋለን። ደንበኛው የትኛው የእኛ፣ የትኛው የሰው እንደሆነ አያውቅም፤ ቆየት ሲል እኛም እንረሳዋለን። የማስታወቂያውን ሳጥን የሚያሠራው ላይብረሪ ቀዳዳ ነበረው። ሰው የጻፈውን ጽሑፍ ከትእዛዝ አይለይም። ጽሑፉ ውስጥ ትእዛዝ ካገኘ ገጹን በከፈተው ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያው ሰው ስም ይፈጽመዋል። የሠሩት ሰዎች ይህን ደርሰውበት ካረሙት ቆይተዋል። አሮጌው ያለው ሁሉ ይቀይር ብለው አስታውቀዋል፤ መልእክቱ ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ይቺን ሥራ ልጨርስና እያልኩ አሳደርኩት፤ ከዚያ ረሳሁት። ላይብረሪውን መርጬ፣ ውስጡን ሳላይ፣ እንዳለ ጠቅልዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አቶ ጥበቡ ያልገባቸውን የሰው ጽሑፍ አንዲት ፊደል ሳይጥሉ ገለበጡ። እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ያምራል።

አለቃዬ ጋ ደውዬ ነገርኩት። «የኔትወርክ ችግር ነው በይና ጨርሺው፤ ያ ላይብረሪ ሌሎች ደንበኞቻችን ጋም አለ፣ ከተሰማ ማን ያምነናል» አለኝ። የኔትወርክ ችግር በሰው ስም ድንች እንደማያጸድቅ ነገርኩት። «ስምሽን አስቢበት» ብሎ ዘጋው። ፈራሁ። ከሥራ መባረር የምችለው አሁን እኔ ነበርኩ፤ እናቴ ደጃፍ ላይ ይህን እንዴት እንደማወራ ሁሉ አሰብኩ።

ወይዘሮ ይርገዱ ፊቴን አይተው ወደ ጓዳ ገቡ። ለምሳ ሲጠሩኝ ግን ዶሮ ወጥ ቀርቧል። ልክ ላመነታ ስል «ብዪ» አሉ። «ጎረቤቴ ከድጃ ናት ያሳረደችው፤ ድስቱም የእሷ ነው።» ከድጃ የተባሉት ሴት ከበሩ ብቅ ብለው «ቢስሚላህ በይ» አሉኝ። የልቤን ለሁለቱም ነገርኳቸው፤ ስለ አበባው፣ ስለ ላይብረሪው፣ ስለ አለቃዬም። ወይዘሮ ይርገዱ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ይኸን ነገ እንዲህ አድርገሽ ትናገሪዋለሽ?» አሉኝ። እናገራለሁ አልኩ። ይህን ካልኩ በኋላ ዶሮው ይበልጥ ጣፈጠኝ።

ቻርጀሬ ከሰዓት በኋላ በአንድ የጭነት መኪና መጣ፤ ከእሱ ጋር ከደጀን የተላከ ቆሎም ነበረበት። እስኪመሽ ድረስ ከቢሮው ጀርባ፣ ኔትወርክ ይሻላል ከተባለበት ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ አዲሱን ላይብረሪ በስልኬ አወረድኩ።

ዓርብ

አቶ ጥበቡ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ደረሱ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። የገጹን ቅጂ ላፕቶፔ ላይ አዘጋጅቼ ነበርና አቶ ጥበቡ ከደብተራቸው እያነበቡ እኔ ማስታወቂያው ሳጥን ውስጥ ጻፍኩ። ከዚያ ወይዘሮ ይርገዱ በስማቸው ገቡ።

«ስክሪኑን ሳይሆን እጄን እዩልኝ» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

አደይ አበባው ይዘንብ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከላይ የነበረው የድንች ጥያቄ ቀለሙ ተለወጠና «ጸድቋል» አለ፤ ከሥሩም የወይዘሮ ይርገዱ ስም። እጃቸው ገና አየር ላይ ነበር። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ከፍተው «እኔ ልሞክረው» አሉ። የድንቹን ጥያቄ ወደነበረበት መልሼ በራሳቸው ስም አስገባኋቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆሙ፤ አበባው ወረደ፤ ድንቹ ጸደቀ።

«አሁን በሕግ ድንቹን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ?»

«መዝገቡ እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳቸው። ከሁሉ ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ሳቁ ሲበርድ አቶ ጥበቡ ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የማላውቀውን ገለበጥሁ። ይርገዱን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ፤ ቅጣቱም ለእኔ ይሁን።»

«አይደለም» አልኩ። «አንተ...» ብዬ ጀመርኩና አረምኩ፤ «እርስዎ ይጻፉበት በተባሉበት ቦታ ነው የጻፉት። የመጻፊያ ሳጥን ጽሑፍን ትእዛዝ ማድረግ የለበትም። ሳጥኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡን አላየሁም፤ ቀይሪው ስባል አልቀየርኩም። በቃለ ጉባኤው ይጻፍልኝ።» ጸሐፊው እስኪርቢቶውን አንስቶ ስም ጠየቀኝ። ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ነገርኩት። በሕይወቴ ስሜን እንዲህ ቀስ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

አዲሱን ላይብረሪ አስገብቼ ያንኑ ጽሑፍ ደግሜ አስከፈትኩ። አበባም አልዘነበም፤ ድንችም አልጸደቀም። የአቶ ጥበቡ ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ኮሚቴው እዚያው እገዳውን አነሳ። አቶ ጥበቡ ስክሪኑን ትክ ብለው አይተው «እንዲያው አበባው ግን ቀረ?» አሉኝ። ለሚመጣው እንቁጣጣሽ እኔ ራሴ ጽፌ እንደምልክላቸው ቃል ገባሁ። «ሲልኩልኝ ያልገባኝን መስመር ያብራሩልኛል» አሉ፤ ይህን እንደ ውል አጽድቀን ተጨባበጥን።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ይርገዱ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኙኝ። ስንቅ ቋጥረውልኛል፤ የከድጃም አለበት። ወንበር ከያዝኩ በኋላ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በመስኮቱ ሰጡኝ።

«ይኸን ለማንም አላሳየሁም» አሉ። «ሐሙስ ጠዋት አንቺ ሳትነሺ ነው የጻፍሁት። ቅደጅልኝ፤ እኔ ልቅደደው ብል እጄ እንቢ አለኝ።»

ለኮሚቴው የተጻፈ የጥፋት ማመኛ ነው። ሦስት መስመር ብቻ። ፊርማና ቀን አለው። «አላጸደቅሁም ብዬ ስከራከር ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ኮምፒውተር አይዋሽም ስለተባለ፣ ሳላውቀው እጄ ሳይነካው አልቀረም። ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። «አምነው ነበር?»

«ሁለት ሳምንት ሁሉም ሰው አንቺ ነሽ ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ ልጄ? እጄን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ወጥ ስሠራ ጨው ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርሁም እያልሁ ሁለቴ እቀምስ ነበር።»

አልቀደድኩትም። ይዤው ልሂድ ብዬ ለመንኳቸው፤ ጥቂት አሰቡና ፈቀዱልኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ ጀምሮ አለቀስኩ፤ ቢቸናን አልፈን ደጀን እስክንደርስ አላቆምኩም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሰው የሞተብኝ መስሏት ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።

አለቃዬ አላባረረኝም። ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም፤ ከዚያ መጥቶ በሥራዎቻችን ሁሉ ውስጥ የጠቀለልናቸውን የሰው ላይብረሪዎች ዘርዝሪ አለኝ። ዝርዝሩ ከገመትነው በጣም ረጅም ነው፤ እስካሁን እየቀየርን ነው። የወይዘሮ ይርገዱን ወረቀት ከስክሪኔ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ውስጡን ያላየሁትን የሰው ሥራ ልጠቀልል እጄን ስዘረጋ ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። በተስተካከለ የቢሮ ፊደል፣ ምንም ያላጠፋች ሴት «ሳላውቀው እጄ ሳይነካው አልቀረም» ትላለች።